ብረቱ አልተነካም

በዚያ የግንቦት ጠዋት ግቢዬ ውስጥና ደጄ ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። ራሔል የምትባለው ወጣት ባለሙያ ከጓሮዬ አለት ላይ ተንበርክካ መሣሪያዋ ላይ አጎንብሳለች። አለቃዋ፣ ሁላችንም ዶክተር የምንለው ሰው፣ ከእሷ አራት እርምጃ ያህል ርቆ ደብተር ይዞ ቆሟል። ሾፌራቸው ኑሩ ከአጥሩ ውጭ መኪናው ላይ ተደግፏል። የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደምሴ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እኔ የጓዳዬ በር ደፍ ላይ ነበርኩ።

ቦታችንን የመረጥነው እኛ አይደለንም። እያንዳንዳችንን በእጇ እያመለከተች ያቆመችን ራሔል ናት። መሣሪያው ከባልዲ ብዙም የማይበልጥ፣ በሦስት አጫጭር እግሮች የሚቆም ሣጥን ነው። የሚለካው መሬት ወደ ራሷ የምትስብበትን ኃይል ነው፤ የሰው ኮቴ እንኳ ይረብሸዋል አለችን። እስክትጨርስ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አዘዘች።

ኑሩ የደሴ ልጅ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። ሆዱን እየዳበሰ፣ "ወላሂ እኔን ካስጠጋሽኝ ስበቱ ይጨምራል፤ ከዚህ ብቆም ይሻላል" አለ። ደምሴ ሳቀ። ራሔል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ዝም አልን። ረጅም ጊዜ ቆምን።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልናገር። ብርቄ እባላለሁ፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚሁ መካነ ሰላም በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ሥራዬ የተማሪ ፋይል ማስቀመጥ፣ ፊርማና ማኅተም ማየት ነበር። ፊርማ የጎደለው ወረቀት ከእጄ አይወጣም። በዚህ እታወቅ ነበር፤ እኔም በልቤ እኮራበት ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ያለን አንድ ልጅ ይርጋ ነው። ይርጋ ወጣት ሳለ ወደ ቆላው፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ በመስኖ ሽንኩርት ማልማት ጀመረ፤ እዚያው አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ። ልጆቹን ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ደምሴን ደግሞ አሳደግኩት ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ለወንድሙ ስዳር እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ባስገባው እየጠፋ ከግንበኞች ጋር ይውላል። በኋላ እሱም ግንበኛ ሆነ፤ ከከተማችን የድንጋይ መሠረቶች ብዙዎቹ የእሱ እጅ ያለባቸው ናቸው። እትዬ ይለኛል፣ አንቺ ይለኛል። ስለ ሥራው ግን ክፉ ቃል መስማት አይችልም። የሠራው ግድግዳ ተሰነጠቀ ብሎ የቀለደበትን ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ሰላም አላለውም።

አሁን ስለ ብረቱ። ከአራት ዓመት በፊት እነዶክተር መጥተው ጓሮዬ ያለውን ጥቁር አለት አዩና ወደዱት። አለቱን በስተው እንደ አውራ ጣት የወፈረ ብረት ተከሉ፤ ዙሪያውንም በሲሚንቶ ክብ አድርገው አሠሩት። ዶክተሩ ነገሩን እንዲህ አስረዳን፤ ከታች በስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ያለበት መሬት አንዳንዴ ያብጣል፣ አንዳንዴ ይሰምጣል። ማበጥ መስመጡን ለማወቅ ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ያስፈልጋል፤ ከእሱ ጋር እያስተያዩ ይለኩታል። የእኛ ደጋ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይህ ብረት መነሻቸው ነው። እኔን ጠባቂ አደረጉኝ። በየዓመቱ አንዲት ወረቀት እሞላለሁ። ወረቀቷ ላይ የታተመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብረቱ አልተነካም። ከሥሩ ስምና ፊርማ።

ያለፈው ዓመት ቆላው ተንቀጠቀጠ። ቤቶች ተሰነጠቁ፣ አስፋልቱ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። የይርጋ መንደር ሰዎች ተነሥተው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው። ወራት አለፉ፤ መንቀጥቀጡ ጋብ አለ። ሰዎቹ ወደ ቤታችን መልሱን ማለት ጀመሩ። ጥር ላይ ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ከብረቴ በላይ የሳተላይት መቀበያ ተክለው ሁለት ቀን ለኩና ሄዱ። ቀጥሎ የሰማነው የቆላው መሬት ከፍ ብሏል የሚል ነው። ከፍ ብሏል ማለት ከሥሩ የቀለጠ ድንጋይ እየገፋው ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ማንም አይመለስም ተባለ። በዚያ ግንቦት እነራሔል የመጡት ይህንኑ በስበት መለኪያው ለማረጋገጥ ነበር። ከታች ለክተው ጨርሰው የመጨረሻውን እኔ ጋ ሊለኩ መጡ።

ራሔል ሦስት ጊዜ ለካች። በየመሐሉ መሣሪያውን እያነሳች እንደገና ታስተካክለዋለች። ደምሴ ከሩቅ ሆኖ የመሣሪያውን ውኃ ልክ፣ ቀጥ ማለቱን፣ ያይ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ "ወደ ግራ ትንሽ አጋድሏል" አላት። አየችው፤ እውነትም አጋድሎ ነበር። አስተካከለችው። እሱም ደስ አለው።

ሲጨርሱ ዶክተሩ ቁጥሮቹን ከድሮዎቹ ጋር አስተያየና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የሳተላይቱም የስበቱም መልስ አንድ ሆነ፤ መሬቱ ከፍ ብሏል፤ ማታ የሰዎቹን ጉዳይ ለሚወስነው ኮሚቴ እደውላለሁ አለ። ኮሚቴው የሚጠብቀው ይህን ስልክ ነበር። ከዚያ በኋላ መንደሮቹ እስከወዲያኛው ይዘጋሉ፤ ሰዉም ሌላ ቦታ ይሰፍራል።

ራሔል ግን መሣሪያውን ወደ ሣጥኑ አልመለሰችም። አለቱ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ታገላብጣለች።

"ዶክተር፣ ሁሉም እኩል ነው የተነሳው" አለች።

"እና?"

"ተራራው ሥር ያለውም፣ ከተራራው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ያለውም እኩል። እብጠት ቢሆን መሐሉ ይበዛል፣ ዳሩ ይቀንሳል።"

ዶክተሩ እብጠቱ ሰፊ ቢሆንስ አላት። እሷም፣ "ወይም ከታች ምንም አልተነሳም፤ ይሄኛው ነው የወረደው" አለችና በእግሯ ጫፍ ወደ ብረቱ አሳየች። እንደ እኔ ብረት ያለ ሌላ መነሻ ነጥብ አላቸው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ሄደው ማስተያየት አይችሉም። እጃቸው ላይ ያለው የእኔ ብረት ብቻ ነው።

ራሔል ወደ እኔ መጣች። ጥያቄዋ በትሕትና ነበር። እማማ፣ በቅርብ ጉድጓድ አስቆፍረዋል ወይ? አላስቆፈርኩም። ከበድ ያለ ቤት ተሠርቷል ወይ? የውኃ ታንከርስ? የለም አልኳት። ወደ ብረቱ ዞራ አየችና መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ።

"ብረቱን የነካው ሰው አለ?"

"አልተነካም" አልኩ።

"ከብት ረግጦት፣ ወይም የሆነ ነገር መትቶት አያውቅም?"

"አልተነካም። ፈርሜበታለሁ እኮ።"

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ደምሴ ሲያስል ሰማሁት።

ብረቱ ተነክቶ ነበር። ባለቤቴ የሞተ በአርባኛው ቀን የእድሩ ድንኳን እዚያው ጓሮ ተተከለ። ሰው ብዙ ስለነበር ፊት ለፊት ያለው ቦታ አልበቃም። አለት ላይ ደግሞ ችካል አይገባም። ነፋሱ ሸራውን ሲያንገላታው አንዱ የድንኳኑን ገመድ ብረቱ ላይ አሰረ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ መልካም ያደረገ መስሎት ነው። ቀትር ላይ ኃይለኛ ነፋስ መጣ፤ ሸራው ተነፋና ብረቱ ከነሲሚንቶው፣ የአለቱንም የላይኛ ገበታ ሰንጥቆ ተነቀለ። ቄሶቹ ጸሎት ላይ ነበሩ። ደምሴ ድምፅ ሳያሰማ ተነሥቶ ገመዱን ድንጋይ ላይ አሰረው።

በማግስቱ መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ። እትዬ፣ አንቺ አትጨነቂ፣ ከነበረው የተሻለ አደርገዋለሁ አለኝ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ ቆሜ አየሁት። የተሰነጠቀውን ድንጋይ ጠርቦ አነሳና ደህናው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ብረቱን ተከለ። ዙሪያውንም እንደ ድሮው በሲሚንቶ ክብ አሠረው። አዲስ እንዳይመስል አፈር አሸበት። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን እኔም ልለየው አልቻልኩም። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ብረቱ በቦታው እስካለ ድረስ በቃ። የአለቱ ፊት ዝቅ ማለቱ ቁም ነገር ነው ብሎ ያሰበ የለም። ወር ሳይሞላ ወረቀቷ መጣች፤ ፈረምኩ። በዓመቱም ፈረምኩ።

እንግዶቹ ምሳቸውን ከተማ ሊበሉ ወጡ። ከሰዓት ተመልሰው ዕቃቸውን ጭነው እንደሚሄዱ ነገሩን። ደምሴ ከእኔ ጋር ቀረ፤ የጓዳው በር ላይ ተቀመጠ። እኔም ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ ይርጋ ነበር፤ ድምፁ በሩ ድረስ ይሰማል።

ድምፁ ከወትሮው የተሻለ መሰለኝ። መሬቱ ከፍ ብሏል፣ አንመለስም የሚለው ወሬ ካምፑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጆሮ ደርሷል። ስለዚህ ሳይዘንብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ እኔ ሊመጣ ወስኗል።

"ቤቱ ይበቃናል፣ እማዬ?"

"ይበቃል" አልኩት።

"የአባዬን ክፍል ለልጆቹ ትሰጫለሽ?"

"እሰጣለሁ።"

ታናሺቱ በድንኳኑ አቧራ እያሳላት እንደሆነ ነገረኝ። ትቶት የወጣው ሽንኩርት መሬት ውስጥ መበስበሱንም ነገረኝ። ቀጥሎ የተናገረውን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው።

"እኛስ አንቺ አለሽን። ጎረቤቶቻችን ግን የት ይሄዳሉ? ከዚያ መሬት ሌላ የላቸውም። ትናንት አንዱ ሽማግሌ ድንኳኑን አፍርሶ ብሞትም ቤቴ ልሙት ብሎ ሲሄድ ፖሊስ መለሰው።"

"እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"ልጆቹ ስላንቺ ይጠይቃሉ" አለና አየር ሰዓቱ አለቀ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ከራሴ ኮቴ በቀር አልሰማሁም ነበር። አሁን ዝም ካልኩ ልጄና የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ። ዝም ማለት ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም፤ አንዴ ብያለሁ፤ ከዚህ በኋላ መጨመር የለብኝም። ምን ያህል እንደፈለግኩት አልደብቅም። የባለቤቴን ክፍል በር ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁ።

ደምሴን ጠርቼ ልናገር ነው አልኩት። ከእሱ ተደብቄ ማድረግ አልፈለግኩም።

"እትዬ፣ እንዳታደርጊው" አለኝ። "የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያስሩኛል።"

"ማንም አያስርህም።"

"አንቺ ራስሽ ፈርመሻል።"

"አዎ።"

"ይርጋ ይመጣልሽ የለም እንዴ? ምን ጎደለብሽ?"

እሱ ሰምቶት የነበረውን ስልክ እኔም ሰምቼው ነበር፤ ልዩነታችን እኔ ሽማግሌውን ማሰቤ ብቻ ነው። እናገራለሁ አልኩትና ወጣሁ። እሱም ተከተለኝ፤ ግን ራቅ ብሎ።

እንግዶቹ ተመልሰው ሲመጡ ኑሩ ሣጥኖቹን መጫን ጀመረ። ራሔል ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ በመንገድ ላይ ከአለቃዋ ጋር የተከራከሩ መሰለኝ። አለቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

"ራሔል፣ ጠዋት የነገርኩሽ ውሸት ነው" አልኳት። "ብረቱ ተነቅሎ ነበር። በድንኳን ገመድ ተነቀለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተተከለ። ከነበረበት ዝቅ ብሏል።"

ኑሩ የያዘውን ሣጥን መልሶ መሬት አስቀመጠ።

"ማን ተከለው?" አለ ዶክተሩ።

"ደምሴ።"

ሁሉም ወደ ደምሴ ዞሩ። ደምሴ መሬት መሬት እያየ፣ "እትዬ ተሳስታለች" አለ። "ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሐሳብ ይዟት ይሄዳል። አንዱን ቀን ከሌላው ቀን ታምታታለች። ሐዘን ነው።"

ያሳደግኩት ሰው በእንግዳ ፊት አእምሮዋን የሳተች ሲያስመስለኝ ያኔ የተሰማኝን አልጽፍም። "ሐዘን አይደለም" ብቻ አልኩ።

ዶክተሩ እኔን ለማመን አልቸኮለም። ቢያምነኝ ለኮሚቴው በጥር የላከው ሁሉ ይበላሻል። ተጎንብሶ ሲሚንቶውን በእጁ አሸ፣ የድሮ ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አስተያየ። ፎቶውና ብረቱ አንድ ናቸው። ደግ ሰው ነው፤ እኔን ላለማስቀየም በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገረው። እናት፣ ይህ ያኔ የእኛ ቴክኒሻን ያሠረው ራሱ ነው፤ ይመልከቱት፣ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ የሚሠራ ሰው እዚህ አካባቢ የለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አልወጣበትም አለ።

ደምሴ ቀና አለ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"የእናንተ ቴክኒሻን ያሠረውማ በአንድ ገመድ ነው የተነቀለው" አለ።

ኑሩ ከበሩ ላይ በቀስታ፣ "አላህ ያሳይህ" አለ።

ከዚያ በኋላ ደምሴን ማቆም አልተቻለም። ወደ አለቱ መጥቶ ተንበረከከ። የመጀመሪያው ሲሚንቶ አሸዋው የበዛ፣ አለቱም በደንብ ያልታጠበ እንደነበር ነገራቸው። የተሰነጠቀው ገበታ የቱ ድረስ እንደነበር፣ የቱጋ ደህና ድንጋይ እንዳገኘ፣ ለምን ከዚያ በላይ መትከል ሥራ እንደማይሆን አስረዳ። እኔ እዚያ መቆሜን ረስቶት ነበር።

ራሔል አጠገቡ ተቀመጠች። "ምን ያህል ዝቅ አደረጉት?" አለችው።

"በሜትር አልለካሁትም፤ እጄ ያውቃል" አለና የቀኝ እጁን መሐል ጣት ዘረጋ። በሌላው እጁ ሁለተኛውን አንጓ ያዘ። "ከዚህ እስከዚህ። ከዚህ አላለፈም፣ ከዚህም አላነሰም።"

ከቦርሳዋ የብረት ማስመሪያ አወጣች። የደምሴን ጣት እጇ ላይ አሳርፋ ከጫፉ እስከ አንጓው ለካች። አምስት ሴንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ነበር። ደብተሯን አየች፣ ማስመሪያዋን አየች፣ ደብተሩን ለዶክተሩ ዘረጋችለት። ከታች ያሉት ነጥቦች ሁሉ ተነሱ የተባሉት በዚያው ልክ ነው።

ዶክተሩ አለቱ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ወራት ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል አለ፤ ለማን እንደተናገረው አላውቅም። ራሔል ወደ እኔ ዞራ፣ "ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ።"

ወረቀት ሰጠችኝ። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ የድንኳኑን ቀን፣ የፈረምኩባቸውን ሁለት ጊዜያት፣ የዚያን ጠዋቱንም። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ደምሴም ፈረመ። ዶክተሩ በዚያ ማታ ለኮሚቴው የደወለው ቆዩ ለማለት ነው። የአንድ ሰው ጣት ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን የት እንደሚፈልጉ አሳያቸው። መንገዱ ሲከፈት ሌላውን ነጥብ ለኩት፤ ቆላው አልተነሳም። ሰዎቹ ክረምቱ ሳይገባ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ይርጋም ተመለሰ። ከካምፑ መኪና ላይ ሆኖ ሲደውልልኝ ከኋላው ሰው ሲዘፍን ይሰማ ነበር። ደስ ብሎታል። ወደ እኔ መምጣቱን ሳያነሳው ቀረ፤ እኔም አላነሳሁበትም። ያን ቀን በጓሮዬ የሆነውን ዛሬም አያውቅም።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምለው ብዙ አይደለም። ፊርማዬ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር። ማንን ሊጎዳ ይችላል? አለቱ የእኔ፣ ሐዘኑ የእኔ፣ ወረቀቷም አንድ መስመር ናት። ጓሮዬ ውስጥ የተነካ ብረት የማላውቀውን ሽማግሌ ከቤቱ እንዲያስቀር ታስቦ የተደረገ ክፋት አያስፈልግም ነበር። አንድ ትንሽ ነገርን በጥሩ እጅ አስተካክሎ ዝም ማለት በቂ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ጎበዞች ነን። የተበላሸውን ከነበረው አሳምረን እንመልሰዋለን፤ እንግዳ አያውቅም፤ እኛም እንረሳዋለን።

እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ ቀለል አለኝ ብዬ ግን አልጽፍም። ስንለያይ ራሔልን ጠየቅኳት፤ አልተነሳም ማለት ከእንግዲህ አይነሳም ማለት ነው ወይ ብዬ። አይደለም አለችኝ፤ ዛሬ አልተነሳም ማለት ብቻ ነው። ሬዲዮ ከታች መንቀጥቀጥ ተሰማ ባለ ቁጥር ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ልጄን ወደዚያ መሬት የመለሰችው የእኔ አፍ ናት። ዋሽቼ ብቀጥል እዚህ፣ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ ይሆን ነበር። ይህን ሳስበው መልሴ አንድ ሆኖ አያውቅም። ተመልሶ ያ ቀን ቢመጣ የምናገር ይመስለኛል። የባለቤቴን ክፍል ግን ጠርጌ እንደገና ዘግቼዋለሁ።

ደምሴን ማንም አላሰረውም። የከተማው ሰው ግን አልማረውም። ኑሩ ይሁን ሌላ ሰው ወሬውን ገበያ አድርሶት፣ አሸዋ የሚያመጡለት ሰዎች ባለ አንጓው እያሉ መጥራት ጀመሩ። መሠረት ሊያስገነባ የመጣ ሰው፣ ደምሴ፣ በሜትር ነው ወይስ በጣት የምትለካልኝ ይለዋል። እኔ ቤት መምጣት አቆመ። በበዓል ሚስቱን ይልካል።

ሐምሌ ሲገባ ሄድኩበት። ከበሩ ፊት ለፊት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ ይጠርባል። ሲያየኝ መዶሻውን አላስቀመጠም።

"ይርጋ ገባ" አልኩት።

"ሰላም ገቡ?"

"ሰላም ገቡ። ሽንኩርት እንደገና ተክሏል።"

"ጥሩ።"

ጥቂት ጠረበ። ስብርባሪው እግሬ ሥር ይወድቃል።

"ደምሴ፣ አጥፍቻለሁ ለማለት አልመጣሁም" አልኩት። "አላጠፋሁም። ግን በሰው ፊት ስምህን ከመጥራቴ በፊት ሌላ መንገድ ቢኖር እፈልገው ነበር። እሱን ልነግርህ ነው።"

መዶሻው ቆመ። ቀና ብሎ ሳያየኝ መዳፉን ገልብጦ ጣቱን አየ።

"እርስዎ ያመኑበትን አደረጉ" አለኝ።

ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንቺ ሲለኝ ኖሯል። በስሕተት የወጣ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩት።

"ዝናብ እየመጣ ነው" አለ። "እንግዳ በር ላይ አናቆምም፤ ወደ ቤት ይግቡ።"

ነጠላዬን አጣፍቼ ከግቢው ወጣሁ።